የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ፈተና፦ ከጥያቄው በፊት ቢጋሩ

መጽሐፍ ገልጦ ጥያቄ ማውጣት የጀመረ መምህር የት እንደሚደርስ ይታወቃል። ለጥያቄ የሚመቸው ምዕራፍ ግማሹን ፈተና ይወስዳል፣ ሁለት ሳምንት የተለፋበት ደግሞ በሁለት ጥያቄ ይታለፋል። ይህን የሚያስቀረው የፈተና ቢጋር ነው፤ በቁመቱ ይዘቱ፣ በወርዱ የአስተሳሰብ ደረጃው የተጻፈበት አንድ ገጽ ሰንጠረዥ።

ፈተናው ሦስት ርዕሶችን ይሸፍናል እንበል፦ የቀጥታ መስመር እንቅስቃሴ በ10 ክፍለ ጊዜ፣ ፎርስ፣ ወርክና ኢነርጂ በ12፣ ቀላል ማሽኖች በ6፤ ድምሩ 28። ቁጥሩን ከዓመታዊ ዕቅዱ ሳይሆን በተግባር ካስተማሩበት መዝገብ ይውሰዱ። በዕቅዱ 6 የነበረው በስብሰባና በበዓል ተሸራርፎ 3 ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዕቅዱ ከጠየቁ ተማሪውን ያልተማረውን ጠየቁት ማለት ነው።

ለ30 ጥያቄ ድርሻው እንዲህ ይወጣል። 10 ለ28 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 10.7 ነው፣ ወደ 11 ይጠጋል። ሁለተኛው 12.9 ወደ 13፣ ሦስተኛው 6.4 ወደ 6።

የትምህርት ባለሙያው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 ያወጡት፣ በ2001 የተሻሻለው የአስተሳሰብ ደረጃዎች ምደባ ስድስት ደረጃዎች አሉት፦ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገምና መፍጠር (ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለክፍል ፈተና ሁሉንም ለየብቻ መቁጠር ድካም ነው፤ ከመተንተን ጀምሮ ያሉትን ሦስቱን በአንድ አምድ መጠቅለል ይበቃል። ድርሻው 30፣ 30፣ 30 እና 10 በመቶ ቢሆን፦

ርዕስ | ማስታወስ | መረዳት | መተግበር | መተንተንና በላይ | ድምር
እንቅስቃሴ | 3 | 3 | 4 | 1 | 11
ፎርስ፣ ወርክና ኢነርጂ | 4 | 4 | 4 | 1 | 13
ቀላል ማሽኖች | 2 | 2 | 1 | 1 | 6
ድምር | 9 | 9 | 9 | 3 | 30

ክፍልፋዮቹ ሲጠጋጉ ድምሩ አልገጥም ይላል። እዚህ አንዱ የመተግበር ጥያቄ ከቀላል ማሽኖች ወደ እንቅስቃሴ የዞረው ለዚህ ነው፤ ስሌቱ የሚበዛው እዚያ ነውና።

ብዙ ቢጋር የሚበላሸው ነጥብ ሲሰጥ ነው። ለማስታወስና ለመረዳት 1፣ ለመተግበር 2፣ ለመተንተን 4 ነጥብ ቢሰጥ ጠቅላላው 48 ይሆናል። የማስታወስ ድርሻ ከ30 ወደ 19 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ሦስቱ የመተንተን ጥያቄዎች ደግሞ ከ10 ወደ 25 በመቶ ዘለሉ። ስለዚህ ድርሻውን በጥያቄ ብዛት ሳይሆን በነጥብ ወስነው ከዚያ ተነሥተው የጥያቄውን ብዛት ያውጡ።

ሰዓቱም ይቆጠር። በአራቱ አምዶች ቅደም ተከተል ለአንድ ጥያቄ 1፣ 1.5፣ 3 እና 5 ደቂቃ ቢመደብ ፈተናው 64.5 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አይገባም። ወይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያስፈቅዱ፣ ወይ ምጣኔውን ጠብቀው ጥያቄዎቹን ወደ 16 ያውርዱ፤ ወረቀት ለማደልና ለመሰብሰብም ጥቂት ደቂቃ ይተርፋል። እርማቱንም አይርሱ፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 3 የስሌት ጥያቄ ማለት 180 መልስ ነው። ባለ 4 ነጥቡን አስቀድመው ይከፋፍሉት፦ ቀመር 1፣ ቁጥር መተካት 1፣ ውጤት 1፣ አሃድ 1።

አሁን ጥያቄ መጻፍ ይቻላል። አንድ ጥያቄ በየትኛው አምድ እንደሚወድቅ የሚወስነው ግን የጥያቄው ግሥ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ የሆነው ነው። «5 ኪሎ ግራም ሳጥን በ20 ኒውተን ሲጎተትና ሰበቃው 5 ኒውተን ሲሆን አክስለሬሽኑ ስንት ነው?» የሚለው መተግበር ይመስላል፤ መልሱ 3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ያው ሳጥን በእነዚያው ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ተሠርቶ ከነበረ ግን ማስታወስ ብቻ ነው። ቁጥሩን መለወጥም ብዙ አይረዳም፤ የማይታወቀውን ነገር ይለውጡት፣ ለምሳሌ አክስለሬሽኑን ሰጥተው ሰበቃውን ይጠይቁ። ለመተንተን ደግሞ የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ሰጥቶ ሁለት ተጓዦችን ማወዳደር ጥሩ መንገድ ነው።

በምርጫ ጥያቄ አሳሳች አማራጮች ከእውነተኛ ስህተት ይምጡ። ከቆመበት ተነሥቶ በ2 ሜትር በሰከንድ ካሬ ለ5 ሰከንድ የተጓዘ መኪና 25 ሜትር ይሄዳል (½ × 2 × 5²)። 50 ግማሹን የረሳ፣ 5 ጊዜውን ካሬ ያላደረገ፣ 10 ፍጥነቱን እንደ ርቀት የወሰደ ተማሪ መልስ ነው። 137 የሚል አማራጭ የሚመርጠው የለም፣ ቦታ ይይዛል እንጂ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ስለሆነ የክፍሉም ሙሉ በሙሉ ምርጫ ይሁን የሚለው ክርክር አያስኬድም፤ አካሄዱን ሳናይ ተማሪው የት እንደሳተ አናውቅም።

ሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው ራሱ ፈተና ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥሩ፤ «ያልሆነው የቱ ነው» ካሉ አሉታውን በደማቁ ይጻፉ፤ በአንድ ጥያቄ ሁለት አሉታ አይደርድሩ።

ከእርማት በኋላ ወረቀቶቹን በውጤት ይደርድሩ። ከ60 ተማሪ ከላይ 16፣ ከታች 16 ይውሰዱ (27 በመቶ ገደማ)። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 14፣ ከታችኞቹ 6 ከመለሱት ቅለቱ (በትክክል የመለሱት ድርሻ) 20 ለ32፣ ማለትም 0.63 ገደማ ነው፤ ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅሙ (14 ሲቀነስ 6) ለ16፣ ማለትም 0.5፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የመለየት አቅሙ ከ0.2 በታች የሆነው ይታደስ። ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ማለትም ደካሞቹ በልጠው ከተገኙ፣ ተማሪዎቹን ከመውቀስ በፊት የመልስ ቁልፉን ያረጋግጡ።