በቡድን ወደ እንጦጦ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጭንቀትና ድብርት እንዲቀልላቸው በቡድን ተራራ ለሚወጡ ሰዎች እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ዛፉም አየሩም አለ። ቡድኑ በሦስት በአራት ሳምንት ሲበተን ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዳገቱ አይደለም፣ የአዘጋጆቹ ነው።

ጉዞውን ውድድር ማድረግ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ዳገት የጀመረ ሰው ልቡ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሹም ያጥራል። ጭንቀት ያለበት ሰው ይህንኑ ስሜት ከሚያስፈራው ድንጋጤ መለየት ይቸግረዋል፤ ሊያርፍ ወጥቶ ደንግጦ ይመለሳል። ፍጥነቱን ከሁሉ ዝግ የሚለው ሰው ይወስን። እየተራመዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልተቻለ ፈጥናችኋል ማለት ነው። መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት ይሂድ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ የኋለኛው ማንንም ትቶ አያልፍም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በለጥ ባለ መንገድ 45 ደቂቃ ይበቃል።

በወር አንዴ ትልቅ ጉዞ መደገስ። አውቶቡስ፣ ቲሸርት፣ 60 ሰው፣ ከዚያ ዝምታ። በ2019 የታተመ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ ነዋሪዎችን ያካተተ ጥናት በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውም ስሜታቸውም የተሻለ እንደሆነ መናገራቸውን አሳይቷል። ሰዓቱን በአንድ ቀን መጨረስም ሆነ ከፋፍሎ መውጣት ልዩነት አላመጣም። (መንስኤውን ያረጋገጠ ጥናት አይደለም፤ አብሮ መታየቱን ብቻ ነው የሚናገረው።) ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ሰው ይዞ፣ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን፣ ከአንድ ቦታ መነሳት ይሻላል። ሰዓት ይከበር። በድብርት የተያዘ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ለመምጣት ብዙ ታግሏል፤ በሐበሻ ቀጠሮ ምክንያት ብቻውን 40 ደቂቃ ከቆመ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

ሰውን በግድ ማናገር። ክብ ሠርቶ «እስቲ ችግራችሁን ተናገሩ» ማለት ብዙውን ሰው ያሸማቅቃል። ጎን ለጎን ሲራመዱ ዓይን ለዓይን መተያየት ስለሌለ ወሬው ራሱ ይመጣል፤ ካልመጣም ይቅር። የቀረውን ሰው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «የት ጠፋህ?» ከማለት ለብቻው መደወል ይሻላል።

መድኃኒት የሚወስዱትን መርሳት። ብዙ አዘጋጅ የሚዘነጋው ይህን ነው። ሊቲየም (የስሜት መዋዠቅን የሚያረጋጋ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው በላብ ብዙ ውኃ ካጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከመጠን ሊያልፍ ይችላል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስና መንገዳገድ ከታየ ጉዞውን አቁሞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ክሎርፕሮማዚን (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት) ደግሞ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ ከፍታው ራሱ ፀሐዩን ስለሚያበረታው ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ይኸው መድኃኒት ከተቀመጡበት ድንገት ሲነሡ ያዞራል፤ ከዕረፍት በኋላ ቀስ ብሎ መነሣት ነው። ማን ምን እንደሚወስድ በሰው ፊት አይጠየቅም፤ ምክሩ ለሁሉም ይነገር፣ የሚመለከተው ሐኪሙን ያማክራል። «ተራራ መውጣት ጀምሬያለሁና ክኒኑን ተውኩት» የሚል ካለ ግን ዝም አይባልም፤ ወደ ሐኪሙ ይመለስ። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አይተውም፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ጾምን አለመቁጠር። እስከ ቀትር ወይም እስከ ማምሻ ውኃ የማይቀምስ ሰው ባለበት ቡድን የጠዋት ዳገት አይታሰብም። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ለጥ ያለና አጭር መንገድ ይመረጥ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይቀምስ ለመዋል አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። በሌላው ጊዜ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃና አንድ እፍኝ ቆሎ ይያዝ።

ልብስና ጫማ። አናቱ ከመሃል ከተማው ወደ 5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ላብ ደርቆ ብርዱ የሚይዘው ሲያርፉ ነው፣ ስለዚህ ሹራቡ ከቦርሳ የሚወጣው ያኔ ነው። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ስኒከር ይቅር።

በክረምት ከሰዓት መውጣት። በሐምሌና በነሐሴ መብረቁ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው። በጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት መውረድ፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ከረጅም ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል የለም፣ ከሸንተረሩ ወርዶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው።