ለእሳት አደጋ ሥራ ባለ ቻርጅ መብራት ሲገዛ ምን ይታያል?

ሻጭ ቀድሞ የሚጠራው የሉመኑን ቁጥር ነው። «ይሄ 2000 ነው፣ ያኛው 500» ሲባል ገዢውም ባለ 2000ውን ያነሣል። ጭስ በሞላው ክፍል ግን የተሸነፈው ባለ 500 ሊበልጠው ይችላል። ሉመን የሚናገረው ከመብራቱ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ አይናገርም። የተበተነ ብርሃን ጭሱን ራሱን ያበራና ነጭ ግድግዳ ሆኖ ዓይን ላይ ይመለሳል። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ያበራ ሾፌር ይህን ያውቀዋል።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ካንዴላ የሚለውን፣ ማለትም የጨረሩን መሀል ጥንካሬ የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉና ለሉመኑ አካፍሉት። 500 ሉመንና 40,000 ካንዴላ ያለው መብራት 80 ይሰጣል፤ ጨረሩ ጠባብ ነው፣ ለውስጥ ሥራ ይሆናል። 1000 ሉመን ኖሮት ካንዴላው 5,000 ከሆነ የሚወጣው 5 ነው፤ ይሄኛው ለግቢ፣ ለመኪናው ዙሪያና ለተጎጂ መንከባከቢያ ቦታ ነው የሚጠቅመው። ካንዴላው ሳይጻፍ ርቀት ብቻ ከተጻፈ፣ ሜትሩን ለ2 አካፍሉና ውጤቱን በራሱ አባዙት፤ 400 ሜትር የሚል 40,000 ካንዴላ ነው። ይህ ርቀት ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ማለትም ወደ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን እስኪደክም የተለካ ስለሆነ 400 ሜትር ላይ የሰው ፊት ይለያል ብላችሁ አታስቡ።

«10 ሰዓት ይሠራል» የሚለውም እንዲሁ መታየት አለበት። አብዛኞቹ አምራቾች በሚከተሉት ኤፍኤል1 በተባለው መለኪያ፣ የሥራ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። ስለዚህ በ1000 የጀመረው በ100 ሉመን ሲጨርስም «እየሠራ» ነው የሚባለው። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ናሙና ወስዳችሁ ሞክሩ፦ ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በከፍተኛው ብርሃን አብሩት፣ የሉክስ መለኪያ ያለበትን ስልክ 5 ሜትር ላይ ከጨረሩ መሀል አቁሙና በየ15 ደቂቃው ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥሩ በግማሽ የወረደበት ሰዓት ነው ለሥራ የሚታሰበው።

ከዚያ ወደ እጅ። መብራቱን ሱቅ ውስጥ በባዶ እጅ መሞከር ዋጋ የለውም፤ የእሳት ጓንቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቢቻል አርጥባችሁ። አራቱ ጣቶች ከነጓንቱ በእጀታውና በአካሉ መካከል ሳይጨናነቁ መግባት አለባቸው። ማብሪያው በአውራ ጣት ሳይታይ ተዳስሶ መገኘት አለበት፤ ወደ ውስጥ የሰመጠች ትንሽ ቁልፍ በወፍራም ጓንት አትገኝም። አንዴ ሲጫኑ ከፍተኛው ብርሃን፣ ሌላ ጊዜ ሲጫኑ መጥፋት፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ለማጥፋት ሲሞከር ደካማውን፣ ከዚያ ብልጭ ድርግም የሚለውን እያዞረ የሚያመጣ መብራት አትግዙ። ጭስ ውስጥ ብልጭ ድርግም ማለት ሰውን አቅጣጫ ያሳጣል።

የትከሻ ማንገቻው ሲጎተት የሚፈታ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ መርካቶን በመሰለ መደርደሪያና ሽቦ በተጠላለፈበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰውን አስሮ ያስቀራል። መብራቱ ከወገብ አካባቢ ተንጠልጥሎ ወደ ወለሉ ዘንበል ሲል ይሻላል፤ የጋለው ጭስ ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ከወለሉ በላይ ያለው ቦታ ይበልጥ ይታያል። የራስ ቁር ላይ ብቻ የታሰረ መብራት ከዓይን አጠገብ ስለሆነ ነጸብራቁን ያባብሳል። ከኋላም መብራት ቢኖረው ጥሩ ነው፦ ስትሪምላይት የተባለው አምራች የሚሠራው ፋየር ቨልካን መብራት ከኋላው ሁለት ሰማያዊ መብራቶች አሉት፣ ተከታዩ ሰው ከፊቱ ያለውን በዚያ ይከተላል።

ውሃን በተመለከተ አይፒ67 የሚል ይበቃል፤ አቧራ አያስገባም፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል። አይፒኤክስ4 ፍንጣቂ ብቻ ነው የሚችለው። ማደያ፣ የጋዝ መጋዘን ወይም የኬሚካል ፋብሪካ የምትገቡ ከሆነ ግን ፍንዳታ ለማያስነሣ ዕቃ የሚሰጠው የኤክስ (Ex) ምልክት ግዴታ ነው። አጠገቡ ቲ4 ካለ የመብራቱ ገጽ ከ135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያልፍም ማለት ነው። ቆርቆሮው ወፍራም ነው፣ ጎማው ጥሩ ነው የሚል ሻጭ ይህን አይተካም። ምልክት ያለውም ቢሆን እዚያው አደጋው ቦታ ላይ ባትሪው መቀየር የለበትም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ቻርጀሩ ላይ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ጀርባው ላይ 100–240 የሚለውን አንብቡ። መኪና ላይ የሚገጠመውም እንደዚያው ነው። ብዙ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ሲሆኑ መብራቱ ተቀምጦ ቻርጅ የሚደረግበት ማስቀመጫ ደግሞ ብዙው ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። የቮልት መቀነሻ ሳይኖር በቀጥታ ማገናኘት፣ ወይም ከሁለቱ የመኪና ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 መስረቅ፣ ሁለቱም ያበላሻል፤ ሁለተኛው ባትሪዎቹን እኩል እንዳይሞሉ አድርጎ ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። ፊውዙ ከመኪናው ባትሪ አጠገብ ይሁን። ለቀናት የማይነሣ መኪና ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩ የመኪናውን ባትሪ እንዳያደርቅ ማስቀመጫውን በ220 ቮልት ቻርጀሩ በኩል ከጣቢያው ኤሌክትሪክ ጋር አገናኙት።

ለባትሪው ዓይነት ሊቲየም-አዮን ምረጡ፦ ቀላል ነው፣ ቁጭ ብሎም ቶሎ አይወርድም። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሳይሠራበት በወር ውስጥ ብዙ ቻርጅ ይለቃል፤ ሁልጊዜ ማስቀመጫው ላይ ካለ ግን አያስቸግርም። በእርዳታ የሚመጡ አሮጌ መብራቶች የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ካላቸው ባዶ ሆነው የቆዩ መሆናቸውን ጠይቁ፤ ባዶውን ወራት የቆየ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ቻርጅ አይዝም። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ ከሥራ ይውጣ።

ከእሳት ሲመለሱ መብራቱን በሳሙናና ውሃ እጠቡት። መስታወት የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት ስለሆነ በቤንዚን ወይም በቲነር ከተጠረገ ይሰነጣጠቃል። የቻርጅ መገናኛ ብረቶቹ ጥቀርሻ ከያዙ ማስቀመጫው ላይ ተቀምጦም ሳይሞላ ያድራል፤ ደረቅ ጨርቅ ላይ ትንሽ አልኮል አድርጉና ጥረጉ።

ትእዛዝ ስትሰጡ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ደረት ላይ የሚሰካ፣ ጭንቅላቱ ወደ ፊት የታጠፈ አነስተኛ መብራት፣ ለቡድኑ ደግሞ ቢያንስ አንድ ባለ እጀታ ትልቅ መብራት አስቡ። መለዋወጫ ባትሪውንና ማስቀመጫውን በዚያው ደረሰኝ አስገዙ። ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ መብራቱ ደህና ሆኖ ባትሪ ብቻ ታጥቶ የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው።