ማራኪ ዕጩ በሌለበት ምርጫ እንዴት እንደሚመረጥ፣ የዝነኞች ድጋፍስ እንዴት እንደሚመዘን

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ተዘርግቶ፣ ስሞቹ ከላይ እስከ ታች ተነብበው፣ «ይህስ ልብ ይሞላል» የሚያሰኝ አንድም ሰው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ መራጭ ወይ ከቤቱ ይቀራል፣ ወይ ወረቀቱን ባዶውን አጥፎ ይከታል፣ ወይ ደግሞ የሚወደው ድምፃዊ ወይም ተዋናይ ለጠቆመው ሰው ምልክት አድርጎ ይወጣል። እኔ ሦስተኛውን አድርጌ ተጸጽቻለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ከዚያ ስህተት በኋላ ለራሴ ያበጀሁት ነው፤ ከምርጫው ቀን በፊት ሁለት ምሽት ቢመድቡለት ይበቃል።

1. ዕጩዎቹን ከማየትዎ በፊት ሥራውን ይጻፉ

በአንድ ወረቀት ላይ የሚመረጠው ሰው በሕግ የሚኖረውን ሥልጣን፣ ከሥሩም በሚቀጥሉት ዓመታት እርስዎን በእርግጥ የሚነኩ ሦስት ጉዳዮችን ያስፍሩ። ሦስት ማለቴ በምክንያት ነው፤ ዐሥር ጉዳይ የዘረዘረ ሰው እያንዳንዱን ዕጩ በአንዱ ወዶ በሌላው ጠልቶ ከተነሣበት ይመለሳል። ከሦስቱ መካከል ተመራጩ ሊነካው የማይችለው ካለ ይሰርዙት። የከተማ ምክር ቤት አባል የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ስለማይቀርጽ፣ ስለ ጦርና ሰላም የሚያደርገው ንግግር ምንም ያህል ቢያምር ለዚያ ወንበር ሚዛን አይሆንም። ይህ ሥራ ከሁሉ የሚቀድመው፣ የሰዎቹ ፊት ከታየ በኋላ የሚጻፍ ዝርዝር ጸሐፊው ሳያውቀው ወደ ወደደው ሰው ስለሚያጋድል ነው።

2. ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር ይወቁ

በአንድ ዙር ብዙ ድምፅ ያገኘው በሚያሸንፍበት ሥርዓት፣ ዕድል ለሌለው ዕጩ የሚሰጥ ድምፅ የሚጠሉትን ሰው ሊያሳልፍ ይችላል። በአውስትራሊያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የተወካዮች ምክር ቤት ዕጩዎች በቅደም ተከተል ቁጥር ስለሚሰጣቸው፣ አንደኛ ያሉት ሲወድቅ ድምፅዎ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራል። ሁለት ዙር ባለበት አገር ደግሞ በመጀመሪያው ዙር መዘናጋት ዋጋ ያስከፍላል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ 16 ዕጩዎች ቀርበው የግራው ድምፅ ስለተበታተነ፣ ሶሻሊስቱ ሊዮኔል ዦስፓን ከ200 ሺህ ባነሰ ድምፅ በቀኝ አክራሪው ዣን-ማሪ ለ ፔን ተቀድመው ከውድድር ወጡ። በሁለተኛው ዙር ለ ፔንን የገጠሙት ቀኝ ዘመሙ ዣክ ሺራክ 82 በመቶ ሲያገኙ፣ ከመረጧቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ስማቸውን መስማት የማይወዱ ነበሩ።

ባዶ ድምፅ ለመስጠት ያሰበ ሰውም ይህንኑ ቢያጣራ ይበጀዋል። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ «ከእነዚህ አንዳቸውንም አልመርጥም» የሚል አማራጭ በድምፅ መስጫ ማሽኑ ላይ ተጨምሯል፤ ሆኖም ለፓርላማ በሚደረግ ምርጫ ይህ አማራጭ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ቢያገኝ እንኳ የሚያሸንፈው ከሰዎቹ መካከል ብዙ ድምፅ ያለው ነው። በኮሎምቢያ ግን ባዶው ድምፅ ከግማሽ ካለፈ ምርጫው በሌሎች ዕጩዎች እንዲደገም ሕገ መንግሥቱ ያዛል። እንግዲህ ኩርፊያዎ የት እንደሚቆጠርና የት ከንቱ እንደሚቀር አስቀድመው ይለዩ።

3. ከንግግሩ ይልቅ የሠሩትን ይመልከቱ

ቀደም ሲል በሥልጣን ላይ የነበረ ዕጩ ድምፅ የሰጠባቸውን ሕጎችና በጀቶች፣ አዲስ የሆነው ደግሞ ቀድሞ ይመራው የነበረውን ሥራ ይፈትሹ። በጥያቄና መልስ ከፓርቲዎች ጋር የሚያመሳስሉ የኢንተርኔት መሣሪያዎች አሉ፤ ከሁሉ የታወቀው በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው ዋል-ኦ-ማት ነው። ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም የሚያነጻጽረው ፓርቲዎቹ ስለ ራሳቸው የሰጡትን መልስ በመሆኑ፣ እኔ የማልፈልገውን ለመጣል እንጂ የምፈልገውን ለመምረጥ አልጠቀምበትም። የቴሌቪዥን ክርክርን በተመለከተ፣ ጽሑፉ ከተገኘ ጽሑፉን ማንበብ ይሻላል፤ በምስል ያሸነፈ የሚመስለው ሰው በወረቀት ላይ ምንም ሳይናገር የወጣ ሆኖ ይገኛል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን አባባል ግን አይመኑት፤ ነባሩን ተመራጭ ከሚገባው በላይ ያኖረው ይህ አባባል ነው።

4. የዝነኛውን ድጋፍ ከዝነኛው ነጥለው ይመዝኑ

አስቸጋሪው እርምጃ ይህ ነው። የእኔን ስህተት ላስቀድም። ለአንድ የምክር ቤት ወንበር ከቀረቡት ዕጩዎች አንዳቸውም ሳይስቡኝ፣ ለዓመታት ቀልዱን የወደድኩለት ተዋናይ ከአንደኛው ዕጩ ጎን ቆሞ በአጭር ቪዲዮ «ልቡ ንጹሕ ነው፣ ለሕዝብ የተፈጠረ ሰው ነው» ሲል ሰማሁትና በዚያው ወሰንኩ። የዕጩው በራሪ ወረቀት ቤቴ ነበር፤ ለአራት አጥፌ ለሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ማስተካከያ አድርጌው ነበር። ከምርጫው ከወራት በኋላ ጠረጴዛውን ሳንቀሳቅስ ዘርግቼ ሳነበው፣ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ከሥራ በኋላ የማነብበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በምሽት እንዲዘጋ እንደሚሠራ በግልጽ ተጽፏል። ሰውየው አላታለለኝም፣ ተዋናዩም አልዋሸም። እኔ ግን ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለውን መረጃ ትቼ በስልኬ ላይ የነበረውን ፈገግታ መረጥኩ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማጣራው ነገሩ መባሉን ነው፤ ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባል የለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ዶናልድ ትራምፕ ቴይለር ስዊፍትና አድናቂዎቿ የደገፏቸው የሚያስመስሉ፣ ከፊሎቹ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎችን በማኅበራዊ ገጻቸው አጋርተው ነበር። ድምፃዊቷ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን የትራምፕን ተፎካካሪ ካማላ ሃሪስን እንደምትመርጥ ስታስታውቅ፣ አቋሟን በግልጽ ለመናገር ካነሣሷት ነገሮች አንዱ ይኸው መሆኑን ጽፋለች። ስለዚህ ከሌላ ሰው የተላከልዎትን ምስል ትተው ወደ ባለቤቱ ገጽ ይሂዱ፤ እዚያ ከሌለ እንዳልተባለ ይቁጠሩት።

ቀጥሎ ድጋፉ ምን ያህል ኃይል እንዳለውና ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል። የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ኦፕራ ዊንፍሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባራክ ኦባማን ስትደግፍ የነበረውን ውጤት ያጠኑ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች፣ የመጽሔቷን ሥርጭትና እሷ የመከረቻቸውን መጻሕፍት ሽያጭ በየአካባቢው ከተሰጠው ድምፅ ጋር አነጻጽረው፣ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ እንዳስገኘች ገምተዋል። ይኸው ዓይነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ለሴኔት ምርጫ ሲሞከር ግን፣ ስዊፍት የደገፈችው ዴሞክራቱ ፊል ብረደሰን በሪፐብሊካኗ ማርሻ ብላክበርን ከ10 በመቶ ነጥብ በላይ ተበልጧል። ልዩነቱን ስመለከተው፣ በውስጥ ምርጫ ተፎካካሪዎቹ የአንድ ፓርቲ ሰዎች በመሆናቸውና አቋማቸውም ስለሚቀራረብ መራጩ የሚይዘው ምልክት ያጣል፤ የታወቀ ሰው ቃል የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ሁለት ፓርቲዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ግን የፓርቲው ስም የዝነኛውን ድምፅ ይውጠዋል። አሰልቺ ዕጩዎች የቀረቡበት ምርጫም በዚህ ረገድ የውስጥ ምርጫን ይመስላል፤ ክፍተቱ ሰፊ ነውና የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ይበልጥ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

የዝነኛ ድጋፍ ከማሳመን ይልቅ ማነቃቃት ይቀናዋል። የስዊፍት የ2024 መልእክት በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች እሷ ባስቀመጠችው አድራሻ ወደ መንግሥት የመራጮች መረጃ ገጽ ገብተዋል፤ ሃሪስ ግን ተሸንፈዋል። ስለ ምርጫው ቀን ወይም ስለ ምዝገባ ማስታወስ በጎ ሥራ ስለሆነ፣ ያንን ያህሉን ሳይጠራጠሩ ይቀበሉ።

የተቀረውን የምፈትነው እንዲህ ነው፦ ዝነኛው የተናገረውን ቃል በቃል በወረቀት ላይ እገለብጣለሁ፣ ስሙን አጠፋለሁ፣ በማግስቱም ከማላውቀው ሰው እንደመጣ ደብዳቤ አነበዋለሁ። የተዋናዩን ቃል በዚህ መንገድ ዘግይቼ ብፈትነው «ንጹሕ ልብ» ከሚለው በቀር የቀረ አልነበረም። ከዚህ በተቃራኒ፣ አንድ ሙዚቀኛ ስለ ቅጂ መብት ሕግ ተናግሮ የትኛው ዕጩ የትኛውን አንቀጽ እንደተቃወመ ቢጠቅስ፣ ስሙ ቢጠፋም መረጃው ይቀራል፤ በሙያው የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ፈተናው ለሚጠሉት ዝነኛም ይሠራል። አንድ ጊዜ ንግግሩ የሚያንገሸግሸኝ ሰው ስለደገፈው ብቻ ከሦስቱ ጉዳዮቼ ሁለቱን የሚያሟላ ዕጩ ልጥል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

5. ከማይወዷቸው መካከል ይወስኑ

ነጥብ እየሰጡ መደመር ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኔ አይመቸኝም፣ ምክንያቱም ድምሩ ያልጣመው ሰው ነጥቡን ይነካካል። በዚያ ፋንታ ስለ እያንዳንዱ ዕጩ «ይህ ሰው ቢሳሳት የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው በምን ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ለአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት መራጮች በሙስና የሚታሙት ኤድዊን ኤድዋርድስና የነጭ ዘረኞቹ ድርጅት የኩ ክለክስ ክላን መሪ የነበረው ዴቪድ ዱክ ለገዥነት አማራጭ ሆነው ሲቀርቡላቸው፣ «አጭበርባሪውን ምረጡ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው» የሚል ጽሑፍ በመኪና ላይ ይለጠፍ ነበር። ኤድዋርድስ በ61 በመቶ አሸነፉ፤ ከዓመታት በኋላም በሙስና ተፈርዶባቸው ታሰሩ። መራጮቹ የሰውየውን ጠባይ አልሳቱም። ሙስናን ፍርድ ቤት ሊደርስበት እንደሚችል፣ ሌላኛውን ጉዳት ግን ማንም እንደማይመልሰው አስልተው ነበር።

6. በዕለቱ

መታወቂያዎን ይያዙ። ብዙ ምርጫ በአንድ ቀን ከሆነ ወረቀቱን እስከ ግርጌው ያንብቡ፤ ዝነኞች የማይደርሱባቸው ወንበሮች ታች ናቸው። ቅሬታዎን በወረቀቱ ላይ አይጻፉ፣ ድምፁን ሊያበላሽብዎት ይችላል።

ሲመለሱ በመጀመሪያው ወረቀት ጀርባ ማንን እንደመረጡና ለምን እንደመረጡ በሁለት መስመር ጽፈው ያስቀምጡት። የእኔ ከበራሪ ወረቀቱ ጋር በመሳቢያ ውስጥ ነው፤ ለጠረጴዛው እግር እንጨት ቆርጬለታለሁ።