እንጦጦን ዞሮ መመለስ፦ በዙር የእግር ጉዞ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት አራት ኪሎ ቆመው ወደ ሰሜን ቢመለከቱ እንጦጦ እጅዎን ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ቅርበት ነው። መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ተራራውን በየቀኑ ስለሚያየው የሚያውቀው ይመስለዋል። ወደ ላንጋኖ ሲሄድ ሦስት ቀን የሚዘጋጅ ሰው፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግማሽ ሊትር ውሃና ስልኩን ብቻ ይይዛል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ዙር ጉዞን ነው፤ በአንዱ አቀበት ወጥቶ፣ በሸንተረሩ ላይ ጥቂት ሰዓት ተጉዞ፣ በሌላ ቁልቁለት ወደ ተነሡበት መመለስ። በደርሶ መልስ መንገድ ሰው የሚመለሰው በሚያውቀው በኩል ነው። በዙር ጉዞ ግን የቀኑ ሁለተኛ አጋማሽ በሙሉ እንግዳ አገር ነው። ያም የሚመጣው ጉልበት ሲዝል፣ ውሃ ሲያልቅና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከፒያሳና ከስድስት ኪሎ ከሚነሡ ወዳጆቼ ጋር ለዓመታት ስመላለስ ያየኋቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጠዋት የተሠሩ ናቸው፤ የሚታወቁት ግን ከቀትር በኋላ ነው።

ሰዓቱን ከመነሻ መቁጠር

ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት እንነሣ?» ብሎ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን «ስንት ሰዓት ላይ ታች መድረስ አለብን?» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ምሽቱ ዝግ ብሎ አይመጣም፤ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። እንጦጦ ላይ ጅብ መኖሩ ተረት አይደለም፤ ሲመሽ ጫካው የእርሱ ነው። ስለዚህ እኔ 10 ሰዓት ተኩልን የቀኑ መጨረሻ አድርጌ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ።

ለመቁጠሪያ የሚረዳ አሮጌ ቀመር አለ። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ይጨመራል። 14 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር አቀበት ላለው ዙር አራት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ብርቱ ሰው ነው። ጀማሪ ላለበት ቡድን ግማሹን ይጨምሩበት፤ ስድስት ሰዓት ይሆናል። 2 ሰዓት ላይ መራመድ የጀመረ 8 ሰዓት ላይ ይጨርሳል፣ ለእክልም ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፈዋል። የታክሲ ሰልፉ፣ የቀረው ሰው ጥበቃና ሽሮ ሜዳ ላይ የሚጠጣው ሻይ ተደማምሮ 4 ሰዓት ላይ የተነሣ ግን የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ያንን ይበላዋል።

«ከፍታ ለምጃለሁ» ማለት

መስቀል አደባባይ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ። ከተማው ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጫፉ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። መሀል ከተማ ወንበር ላይ የሚውል ሰው መልመዱ ለወንበሩ እንጂ ለአቀበቱ አይደለም። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየወጡ ሳለ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ዝግ ይበሉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ደግሞ ጉብዝና ማሳየት የለበትም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

አዲስ ጫማ ለተራራው ማስመረቅ

በዋዜማው መርካቶ የተገዛ ጫማ እሑድ ጠዋት ተራራ ላይ የሚለበስ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ይመላለሱበት። ሶሉን ገልብጠው ይዩት፤ ጥርሱ ካለቀ ወይም ለስላሳ ከሆነ ይተዉት። የእንጦጦ መሬት በደረቅ ጊዜም ቢሆን አታላይ ነው። ከላይ እንደ ማጭድ የጎበጠው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነባብሮ ይተኛል፣ ከሥሩ ደግሞ ፍሬው አለ፤ እንደ ካፖርት አዝራር ጠንካራና ክብ ነገር። ቁልቁል ሲወርዱ እግር እዚያ ላይ ካረፈ ይንከባለላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የማሰሪያው ነገር ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀመጡ፣ ማሰሪያውን እስከ ጣቶቹ ድረስ ያላሉት፣ ተረከዝዎን ወደ ኋላ ገፍተው መሬቱን ሁለቴ መታ መታ ያድርጉበት፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለውን ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ይህ ካልሆነ እግር በየእርምጃው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶች ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ። አብራን የወጣች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያንን ሁለት ደቂቃ አልፈልግም ብላ ሁለቱ የአውራ ጣቶቿ ጥፍሮች ጠቁረው ወደቁ። የእግር ጥፍርዎን በዋዜማው አሳጥረው ይቁረጡ።

ውሃን ተከትሎ መውረድ

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው እኔም የተሳሳትኩት ስለሆነ ነው። ሁላችንም «መንገድ የጠፋበት ሰው ውሃ ይከተል፣ ውሃ ሰው ያለበት ያደርሳል» ሲባል ሰምተናል። እንጦጦ ላይ ግን ይህ ምክር ሰው ያጠፋል።

የእንጦጦ ሸንተረር ውሃ የሚለይ ድንበር ነው። በደቡብ ገጹ የሚወርደው ምንጭ ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። በሰሜን ገጹ የሚወርደው ደግሞ በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሁለቱ ውሃዎች ሲነሡ ጥቂት መቶ እርምጃ ብቻ ይራራቁ ይሆናል፤ አንደኛው ግን ወደ ቤትዎ፣ ሌላው ከቤትዎ ይሄዳል። የሸንተረሩ ጀርባ በብዙ ቦታ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ መሻገርዎን ሳያውቁ ይሻገራሉ።

እኛ የተሻገርነው በጥቅምት ወር፣ ጭጋግ በዋለበት ቀን ነበር። አራት ነበርን። ከእግራችን በታች ውሃ ሲንኳኳ ሰማንና ደስ ብሎን ወረድን። መንገዱ እየጠበበ፣ ገደሉ እየጠለቀ ሄደ፤ እሾሁ እጅጌያችንን ቀደደው። አርባ ደቂቃ ያህል እንደወረድን አንዲት እናት ከታች ሲመጡ አየን። በጀርባቸው ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ በደረታቸው ገመድ አሥረው፣ ጎንበስ ብለው ይወጣሉ። ከገደሉ ግድግዳ ላይ ጭነቱን አስደግፈው ቆሙ፤ መሬት ካወረዱት ብቻቸውን መልሰው ማንሣት አይችሉማ።

«እማማ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በዚህ ነው?» አልናቸው።

«የለም ልጆቼ፤ ይህ ውሃ ከተማ አይገባም» አሉን። «ተመለሱ፣ ከእኔ ኋላ ውጡ።»

ያን ሁሉ ቁልቁለት ከጭነታቸው ኋላ ሆነን ወጣነው። ልናግዛቸው ብንለምናቸው የአሸካከሙን ነገር እንደማናውቅ ነገሩንና እምቢ አሉ።

መፍትሔው ሸንተረሩን ከመልቀቅዎ በፊት ከተማውን በዓይን ማየት ነው። ከተማው ካልታየ ጭጋጉ እስኪገልጥ ይቁሙ ወይም በመጡበት ይመለሱ። ፀሐይንም አይመኑ። «እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት» የሚለው ሕግ የመጣው ከሩቅ ሰሜን አገሮች ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት።

ስልክን ብቸኛ መሪ ማድረግ

ካርታውን ቤት ሳሉ ያውርዱ፤ ከሸንተረሩ ጀርባ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስልኩም ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ዓይን ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ለማገዶ እጥረት መፍትሔ ተብሎ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በሰው እጅ የተተከለ ዛፍ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ በአንድ ዓይነት ቁመት ተደርድሮ ሲቆም ሁሉም ቦታ አንድ ይመስላል። በየመንታ መንገዱ ቆም ብለው ወደ ኋላ ዞረው ይመልከቱ፤ ቢመለሱ የሚያዩት መልኩን ነውና። ለምልክት ባሕር ዛፍ ሳይሆን ከመካከሉ የተረፈውን ያረጀ ጽድ ወይም ወይራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የተለየ ቋጥኝ ይያዙ። በወረቀት ላይ መጻፍ ከቻሉም ይጻፉት።

የመመለሻ ሰዓት ሳይወስኑ መውጣት

በዙር ጉዞ ላይ ግማሹ ካለፈ በኋላ መመለስ አያሳጥርም። ስለዚህ ውሳኔው ግማሹ ላይ ሳይሆን ሲሶው ላይ መሆን አለበት። ጠዋት ሁሉም እየሰማ ይነጋገሩ፦ «እዚህ ቦታ 5 ሰዓት ካልደረስን በመጣንበት እንመለሳለን።» ሰዓቱ ሲደርስ ክርክር የለም። ሲደክም መከራከር የሚያመጣው ግትርነት ብቻ ነው፤ አብሮም ይሉኝታ አለ፣ «እኔ ነኝ ያስመለስኳችሁ» ላለመባል እያነከሰ ዝም የሚል ሰው።

ስንቅ

በሶ የሚባል ነገር ባለበት አገር ከሱፐርማርኬት ብስኩት ይዞ ተራራ መውጣት ያሳዝነኛል። ገብሱ የተቆላ፣ የተፈጨ፣ ቀላል፣ የማይበላሽ፤ በትንሽ ውሃና ጨው ታሽቶ ወዲያው ይበላል፣ የጾም ቀንም አያስቸግርም። ቆሎና ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። ውሃ ግን ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር አይነስ። ጫካው ውስጥ ከሚፈሰው ምንጭ ሳያፈሉ አይጠጡ፤ ከላዩ ከብት ይውላል። እስከ ቀትር ወይም እስከ ማታ የሚጾሙ ከሆነ ዙሩን በሌላ ቀን ያድርጉት ወይም አጭር መንገድ ይምረጡ፤ ባዶ ሆድና አቀበት አብረው አይሄዱም።

ጠዋቱን አይቶ መልበስ

ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ከመስቀል አደባባይ እስከ ጫፉ 5 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ብርዱም አንዱ ገፊ ነበር። ጋቢ ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለዝናብ አይሆንም፤ ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይወስዳል። ቀላል የዝናብ ልብስና አንድ ሹራብ ይያዙ።

በክረምት፣ በበልግም ጭምር፣ ጠዋቱ ጥርት ብሎ ከ8 ሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ይመጣል። ብልጭታውን ሲያዩ ድምፁ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ 3 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከሰሙ ሸንተረሩን ይልቀቁ፣ ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥርም አይጠለሉ።

ተራራውን የመዝናኛ ቦታ ብቻ አድርጎ ማየት

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለመዝናኛ የተሠራ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ጫካ ግን የሰው መኖሪያና የሥራ ቦታ ነው። እንጨት የተሸከሙ እናት ሲመጡ ከመንገዱ ወጥተው ያሳልፏቸው፤ ቆመው መጠበቅ ያለብን እኛ ነን፣ ጀርባችን ላይ ያለው ስንቅ ብቻ ነውና። ፎቶ ሳይጠይቁ አያንሡ። በጸበል ቦታ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ እዚያ የመጣው ሰው ሕመሙን ይዞ ነው የመጣው። በሱሉልታ በኩል የሚያገኙትን ገበሬ «አከም ቡልተን» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይበሉ። ውሻቸው ከመጣብዎት አይሩጡ፤ ቆመው ባለቤቱን ይጣሩ።

ቁልቁለቱ ላይ መበታተን

ከተማው ሲታይ ሁሉም ይጣደፋል። ብርቱዎቹ ቀድመው ይሮጣሉ፣ የደከመው ብቻውን ኋላ ይቀራል፤ መንታ መንገድ ላይ የሚሳሳተውም እርሱ ነው። ከመካከላችሁ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው የመጨረሻ ሆኖ ይሂድ፣ ማንም ከእርሱ ኋላ አይቅር። ከፊት ያለው በየመንታው ቆሞ ይጠብቅ። ጉልበትዎን በጥቂቱ አጥፈው፣ እርምጃዎን አሳጥረው ይውረዱ፤ ካስፈለገ እንደ እባብ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የተሰቀለባቸው ሱቆች ጋ ሲደርሱ ሰው ይቁጠሩ፣ ጠዋት መንገዱንና የመመለሻ ሰዓቱን ነግረውት ለወጡት የቤት ሰው ይደውሉ፣ ከዚያ ወደ ታክሲው ይሂዱ።