የሞዴሉ ነጥብ ጥሩ ነው፤ ታዲያ ጎርፉ ለምን ከተሳሳተ ቦታ ይነሳል?

ምልክቱ ይሄ ነው። ወደ ጣና የሚገባውን የጉማራን ወይም የግልገል አባይን ወንዝ ተፋሰስ ከዝናብ ፍሰትን በሚያሰላው ስዋት በተባለ ሞዴል ሠራችሁ፣ ካሊብሬት አደረጋችሁ (ውጤቱ ከተለካው ፍሰት ጋር እስኪቀራረብ ቁጥሮቹን አስተካከላችሁ)፣ ሞዴሉ ከልኬቱ ጋር መስማማቱን የሚመዝነው የናሽ-ሰትክሊፍ ነጥብ (ፍጹም ሲሆን 1) 0.75 ወጣ። ሰኔ ላይ ግን ሞዴሉ ከተለካው በላይ ጎርፍ ያመጣል፤ መስከረም ላይ ወንዙ ገና ሳይጎድል የሞዴሉ ፍሰት ወርዷል። ካርታው የጎርፍ መነሻ ብሎ ያቀላው ተዳፋቱን ነው። ገበሬው ደግሞ ውሃ የሚተኛው ረባዳው ላይ መሆኑን ያያል።

መጀመሪያ ነጥቡን ጠርጥሩ። ናሽ-ሰትክሊፍ ሞዴሉን የሚያወዳድረው ከጠቅላላው አማካይ ፍሰት ጋር ነው። በክረምት ሞልቶ በበጋ በሚጎድል ወንዝ ላይ ወቅቱን ብቻ የሚያውቅ ማንኛውም ነገር ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን የብዙ ዓመት አማካይ ፍሰቱን አውጡና እሱን እንደ ሞዴል ቆጥራችሁ ነጥቡን አስሉ። የእናንተው ሞዴል ይህን በግልጽ ካልበለጠ ፓራሜትር (የሞዴሉን ማስተካከያ ቁጥሮች) መነካካቱን አቁሙ። በዚህ የሚባክነው የተማሪ ጊዜ ያሳዝነኛል።

መንስኤው በአብዛኛው ከርቭ ነምበር፣ ማለትም ስዋት ከዝናቡ ስንቱ ጎርፍ እንደሚሆን የሚገምትበት ዘዴ ነው። ዘዴው አሜሪካ ውስጥ ለአነስተኛ የእርሻ ተፋሰሶች የተዘጋጀ ነው። የተለመደው ስዋት መሬቱን በአፈር፣ በአጠቃቀምና በተዳፋትነት ይከፋፍላል፤ ማሳው ከአናት ይሁን ከግርጌ አይጠይቅም። በአንጀኒ፣ በማይባርና በአንዲት ጥድ የምርምር ተፋሰሶች የተለካው ግን ሌላ ነው፦ የተዳፋቱ አፈር ውሃ የመምጠጥ አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከዝናቡ ፍጥነት ይበልጣል። ውሃው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ረባዳውን ያጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ የሚዘንበው ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ የሰኔን 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ መሬቱ ይጠጣዋል፣ የነሐሴው ወንዝ ይገባል።

ለማረጋገጥ አንድ ግራፍ ይበቃል። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ዝናብ ሲቀነስ ትነትን እየደመራችሁ፣ በየሳምንቱ ከዝናቡ ስንት እጁ ወንዝ እንደገባ ሳሉ። ድርሻው እየጨመረ ሄዶ ከረጋ ነገሩ ጥጋብ ነው። በሦስቱ ተፋሰሶች የረጋው ወደ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲጠራቀም ነው።

መፍትሄው በጥያቄያችሁ ይወሰናል። ወደ ጣና የሚገባውን መጠን ብቻ ከፈለጋችሁ ኤችቢቪ የተባለው ቀለል ያለ የዝናብና ፍሰት ሞዴል ይበቃል፤ አፈሩ እየሞላ ሲሄድ ወደ ወንዝ የሚለቀው ድርሻ ስለሚያድግ ወቅቱን ይይዛል። እርከን የት ይሠራ ለሚለው ግን አይረዳም። ስዋትን መተው ካልፈለጋችሁ ከርቭ ነምበሩን በውሃ ሚዛን የተካው ዓይነት አለ፤ ጉማራ ላይም ተሞክሯል። እኔ የዝናብ ጣቢያ በሳሳበት ቦታ የምመርጠው ተፋሰሱን የሚጠግብ ረባዳ፣ አፈሩ የተሸረሸረ ተዳፋት እና ውሃ የሚያስርግ ተዳፋት ብሎ በሦስት የሚከፍለውን ቀላል ሞዴል ነው። ፓራሜትሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ስህተት መደበቂያ አያገኝም።

ሁሉም ሞዴሎች በአንድ ዓመት ላይ አብረው ከሳቱ ግን ሞዴል አትቀይሩ፤ መለኪያውን እዩ። ደለል የወንዙን ወለል ሲያነሳው ከውሃው ከፍታ ፍሰቱን የምናሰላበት ማዛመጃ ያረጃል። ርብና ጉማራ ደግሞ ሲሞሉ ፎገራ ሜዳ ላይ ይፈሳሉ። ጣቢያው ከዚያ በታች ከሆነ የጎርፉ ጫፍ በመለኪያው ሳያልፍ ሜዳው ላይ ቀርቷል፤ እነዚያን ቀናት ከካሊብሬሽኑ አውጡ።