ሃርድ ዲስክ ሲገዙ፦ ሙቀቱን፣ ድምፁንና ዕድሜውን እንዴት ይለካሉ?

ሙቀትንና ድምፅን በዋናነት የሚወስነው በዲስኩ ውስጥ ያሉት፣ መረጃ የሚጻፍባቸው ሳህኖች በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞሩ ነው። ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ለማስቀመጥ ከሆነ 5400 የሚዞረውን ይግዙ። 7200 የሚዞር ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሥራ ሳይኖረው እንኳ ከ5 እስከ 8 ዋት ይወስዳል፤ 5400 የሚዞረው ከ3 እስከ 5 ዋት ይበቃዋል። የወሰደው ኤሌክትሪክ ደግሞ በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዊንዶውስንና ፕሮግራሞችን ኤስኤስዲ (የሚዞር ሳህን የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ላይ ከጫኑ ለሃርድ ዲስክ ፍጥነት ተጨማሪ ብር የሚያወጡበት ምክንያት የለም።

«5400 ክፍል» (5400 RPM Class) የሚል ጽሑፍ ግን አያታልልዎት፤ እንዲህ ተብለው የተሸጡና በትክክል የሚዞሩት 7200 የሆኑ ዲስኮች ነበሩ። ከአምራቹ የመረጃ ወረቀት ላይ ዋቱንና ድምፁን ያንብቡ። ድምፁ በቤል ከተጻፈ በ10 ያባዙት፤ 2.4 ቤል 24 ዴሲቤል ነው።

ብዙ ዲስኮች እስከ 60 ዲግሪ ይፈቀድላቸዋል፤ ጥሩው ግን ከ30 እስከ 45 ነው። 50 ከደረሰ እርምጃ ይውሰዱ። ፋን በሌለው ኬስ ውስጥ ያለ ዲስክ ከክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ስለሚበልጥ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላለ ሰው ከኬሱ ፊት ለፊት ቀስ ብሎ የሚዞር ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን የግድ ነው። ሁለት ዲስክ ካለ በመካከላቸው አንድ ቦታ ባዶ ይተዉ።

የሚረብሸው ጩኸት ብዙ ጊዜ የዲስኩ ሳይሆን ከዲስኩ ጋር የሚንቀጠቀጠው የኬሱ ቆርቆሮ ነው። በአራቱም ብሎኖች ላይ የጎማ ዋሸር (ቀለበት) ያስገቡ። የትልቁ ዲስክ ብሎን ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ የላፕቶፑ ደግሞ ባለ 3 ሚሊሜትር ደቃቅ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ በግድ ማስገባት ጥርሱን ይበላዋል። ድምፁን ለማፈን በስፖንጅ መጠቅለል ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ዲስኩ የሚተነፍስባት ትንሿ ቀዳዳም ትደፈናለች።

ያቺ ቀዳዳ ለደጋ ሰው ሌላ ትርጉም አላት። የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ነው። ከፍታው ሲጨምር በቀዳዳዋ የሚገባው አየር ስለሚሳሳ አምራቾች ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትርን ወሰን ያደርጋሉ። አዲስ አበባ ከዚያ በታች ናት፤ ደብረ ብርሃንም ወደ ወሰኑ ብትጠጋም አላለፈችውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ግን ኤስኤስዲ ወይም ሂሊየም ተሞልቶ የታሸገ ዲስክ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዕድሜው። በመረጃ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «1 ሚሊዮን ሰዓት» የሚለው ቁጥር አንዱ ዲስክ 114 ዓመት ይቆያል ማለት አይደለም፤ ከ1,000 ዲስኮች በዓመት 9 ያህሉ ይበላሻሉ የሚል የአምራቹ ግምት ነው። ዲስኩ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ከዚህ ይልቅ ይታመናል። ያገለገለ ሲገዙ ብር ከመክፈልዎ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያንብቡት። ቁጥሮቹ በ16 ስሌት ስለሚመጡ መጀመሪያ ወደ 10 ይቀይሯቸው፤ አለዚያ «64» ያሉት 100 ይሆናል። በዝርዝሩ ላይ መለያቸው 05 (የተተኩ ክፍሎች)፣ ሲ5 ማለትም C5 (ለመነበብ ያስቸገሩ) እና ሲ6 ማለትም C6 (ፈጽሞ ያልተነበቡ) የሆኑት ዜሮ መሆን አለባቸው። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ሲ7 ብቻውን ከፍ ካለ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። 09 የሠራበትን ሰዓት ይነግርዎታል፤ ሰዓቱ ዜሮ ሆኖ የኬብል መሰኪያው ከተፋተገ መዝገቡ ተሰርዟል ማለት ነው።

ከዚያ ውስጡ የሚፈለግ ፋይል አለመኖሩን አረጋግጠው «ፈጣን» የሚለውን ምልክት አንስተው ፎርማት ያድርጉት። ዲስኩ ሁሉ ስለሚጻፍበት 1 ቴራባይት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 2 ከሆነ ሙሉ ሌሊት። ሲያልቅ ቁጥሮቹን እንደገና ያንብቡ። 05 ወይም ሲ5 ከተንቀሳቀሰ ይመልሱት።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የማንበቢያው ራስ በችኮላ ወደ ማረፊያው ይሸሻል፤ ይህም በሲ0 ላይ ይቆጠራል። ሲደጋገም ዲስኩን ስለሚጎዳ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ብዙ ዲስክ አጣምሮ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ መስመሮቹን እርስ በርስ ደርቦ የሚጽፈውን፣ ኤስኤምአር የሚባለውን ዓይነት አይግዙ፤ የተበላሸውን ተክቶ መልሶ ሲገነባ እጅግ ይዘገያል።

ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ መደጋገም ከጀመረ ወዲያው ያጥፉት። የዊንዶውስን ጥገና አያሂዱበት፣ አይምቱት፣ ቤት ውስጥም አይክፈቱት፤ ሳህኑ በዞረ ቁጥር የተጎዳው ራስ ይፍቀዋል፣ የተፋቀው ደግሞ አይመለስም።