ለሐዋሳ ታዳጊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች፦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ጎበዝ ከሆነ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል። ሜዳው ጥቂት ስለሆነ ተጫዋቹ ሁሉ ይተዋወቃል። ልጁ ገና በ14 ዓመቱ ስሙ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት አምስት ዓመታት ግን ብዙዎቹ ከሜዳ ይጠፋሉ። ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ዙሪያቸው ያሉ ትልልቅ ሰዎች የቅዳሜውን ጨዋታ ለማሸነፍ ሲሉ ልጁ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሆን የሚችለውን ተጫዋች ያጠፉታል። ወላጆችም አሰልጣኞችም፣ ልጆቹም ራሳቸው ይህን እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ረጅሙን ልጅ ቅርጫት ስር መትከል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሲሠራ ግን ስህተት አይመስልም። በክፍሉ ረጅም የሆነው ልጅ ቁመቱ 1.88 ሜትር ነው እንበል። አሰልጣኙ ወዲያው ሴንተር፣ ማለትም ቅርጫት ስር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች፣ ያደርገዋል። ልጁ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ይለቅማል፣ ከቅርብ ያስገባል፣ ቡድኑም ያሸንፋል። ኳስ አንጥሮ ወደ ፊት ለመሄድ ሲሞክር «ለጋርዱ (ኳስ እያነጠረ ጨዋታ ለሚመራው) ስጥ!» ይባላል። ከሩቅ ሲወረውር ይቀየራል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ያልፋል።

በአህጉር ደረጃ በሴንተርነት የሚሰለፉት ሰዎች ግን በአብዛኛው ከ2.05 ሜትር በላይ ናቸው። የእኛው 1.88 እዚያ ሲደርስ የጋርድ ቁመት ነው ያለው። ኳስ በግራ እጁ ማንጠር፣ ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ መጫወት፣ ፈጣን አጭር ተጫዋች መጠበቅ፣ ከሦስት ነጥብ መስመር፣ ከ6.75 ሜትር፣ መወርወር፣ አንዱንም አልተማረም። ዋንጫውን ትምህርት ቤቱ ወሰደ፤ ልጁ ባዶ እጁን ቀረ።

ተቃራኒው እንዴት እንደሚጠቅም የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤን ተጫዋች አንቶኒ ዴቪስን ማየት ይበቃል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመታቱ ከ1.90 በታች የነበረ ጋርድ ነበር። ከዚያ በድንገት ተመዘዘና 2.08 ደረሰ። ኳስ አያያዙና ውርወራው አብሮት ስለነበረ ረጅምም ፈጣንም ተጫዋች ሆነ። የእናንተ ልጅ ይርዘም አይርዘም ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ ቢያንስ የልምምዱ ግማሽ እንደ ጋርድ ይለማመድ። በጨዋታም ኳስ ይዞ ይሻገር፣ ይሳሳት፣ ይነጠቅ። አሰልጣኙ በዚህ ምክንያት ሁለት ሦስት ጨዋታ ሊሸነፍ ይችላል፤ ወላጆች ያን ጊዜ ከአሰልጣኙ ጎን መቆም አለባቸው።

ለሕፃን የአዋቂ ኳስ መስጠት

ብዙ ትምህርት ቤት ያለው ኳስ 7 ቁጥር ብቻ ነው፤ ክብደቱ ወደ 600 ግራም ይጠጋል። የ10 ዓመት ልጅ ያንን ይዞ 3.05 ሜትር ላይ ወደተሰቀለ ቅርጫት ሲወረውር ከወገቡ ነው የሚገፋው። ያ አጣጣል ሰውነቱን ይለምደውና ቢያድግም አይለቀውም። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚመከረው 5 ቁጥር ኳስና 2.60 ሜትር ላይ ያለ ቅርጫት ነው። ሴቶች ደግሞ በአዋቂነታቸውም የሚጫወቱት በ6 ቁጥር ነው። ዝቅ ያለ ቅርጫት ከሌለ ልጁ ቅርብ ቆሞ፣ በቀላል ኳስ፣ በትክክለኛው የእጅ አጣጣል ይወርውር። ርቀቱ ጉልበት ሲመጣ ይመጣል።

ሌላ ስፖርት መከልከል

የቀድሞው የኤንቢኤ ታላቅ ሴንተር ሐኪም ኦላጁዋን ሌጎስ ውስጥ እስከ 15 ዓመቱ አካባቢ የእጅ ኳስ ተጫዋችና የእግር ኳስ በረኛ ነበር። ጆኤል ኤምቢድ ያውንዴ ውስጥ መረብ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ቅርጫት ኳስ በ15 ዓመቱ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2023 የኤንቢኤ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ልጃችሁ ከሰፈር ልጆች ጋር እግር ኳስ ቢጫወት ተዉት።

ሕመምን «ይለፍ» ማለት

በቅርጫት ኳስ ከጉዳት ሁሉ የሚበዛው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፤ ከልባሽ ተራ የተገዛ ጫማ ደግሞ ሶሉ አልቆ ይንሸራተታል። እግሩ የዞረ ልጅ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ባህላዊ ወጌሻ ይወሰዳል። ያበጠን እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አጥብቆ ማሸት ግን እብጠቱን ያባብሳል። አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ በተለይ አጥንቱ ገና እያደገ ባለ ልጅ። ልጁ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመመው ጤና ተቋም ሄዶ ራጅ ይነሳ። አልተሰበረም ከተባለ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ በፋሻ መጠቅለልና እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚረሳው ነው። አንዴ የዞረ ቁርጭምጭሚት ደግሞ የመዞር ዕድሉ ሰፊ ነው። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ ቀጥሎ ዓይን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ ኳስ እየተቀባበሉ፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ለሳምንታት ቢሠራ ይህን አደጋ ይቀንሳል። ወጪ የለውም።

በፍጥነት እያደጉ ያሉ ልጆች ከጉልበት ሎሚ በታች የሚያም እብጠት ሊያወጡ ይችላሉ። እድገት ላይ ያለው አጥንት በዝላይ ብዛት ሲጎተት የሚመጣ ነው። ዝላይ ቀንሶ ማረፍ ያስፈልጋል እንጂ «ሰነፍክ» ተብሎ መገሠጽ የለበትም። ለሴቶች ልጆች ደግሞ ከዝላይ በኋላ ጉልበት አጥፎ፣ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ሳይገጣጠሙ ማረፍን ማስተማር ግዴታ ነው። የጉልበት ዋና ጅማት መበጠስ በነሱ ላይ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ይበዛል። በብዙ ልምምድ ላይ ይህ ሲሠራ አላይም፤ ያሳዝነኛል።

ባዶ ሆድና የሌሊት ስልክ

ጾም ስህተት አይደለም። ስህተቱ እስከ 9 ሰዓት የሚጾምን ልጅ በ8 ሰዓት ፀሐይ ማሮጥ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ወቅት ልምምዱ ልጁ ከበላ በኋላ ወደ 11 ሰዓት ይዛወር። በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በደንብ ከተበሉ ሰውነት ይጠግናሉ። ዓሣ የሚበላ ቤተሰብ ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ቢገዛለት ደግሞ እሰየው። በረመዳን የሚጾሙትም የሰዓት ማስተካከያው ይገባቸዋል።

የኤንቢኤ ጨዋታዎች በእኛ አቆጣጠር አብዛኞቹ ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምሩት። ጠዋት ትምህርት ያለው ልጅ ነቅቶ ሲያይ ያድራል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለሳምንታት እንቅልፋቸውን እንዲያረዝሙ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት የቅጣት ውርወራቸው በ9 በመቶ ተሻሽሎ ተገኝቷል። ልጁ የጨዋታውን ድጋሚ ቅዳሜ ቀን ይመልከት።

«ትምህርቱ ይደርሳል» ማለት

በ2014 ዓ.ም. በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለውድድር እየተባለ ክፍል የሚቀር ልጅ ይህን ፈተና በምን ይወጣዋል? ወደ አሜሪካ ኮሌጅ የሚያስበውም ቢሆን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ውጤቱ ይቆጠራል። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት በሚመራው በኤንሲኤኤ የመጀመሪያው ዲቪዚዮን ለመጫወት 16 መሠረታዊ ኮርሶችና ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠየቃል። በ9ኛ ክፍል የተበላሸ ውጤት በ12ኛ ክፍል ዝላይ አይጠገንም።

ዕድሜ መቀነስ፣ ወይም ሳያውቁ ማሳሳት

ሆን ብሎ መቀነስ ማጭበርበር ነው፤ ሲደረስበትም የሚቀጣው ልጁ ነው። ሳይታሰብ የሚሠራው ስህተት ግን ዘመን ቆጠራ ላይ ነው። በኅዳር 2001 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ 2008 ነው፤ በየካቲት 2001 የተወለደው ግን 2009። የዕድሜ ምድብ የሚለየው በልደት ዓመት ስለሆነ ሁሌ 8 እየደመሩ ቅጽ የሚሞሉ ሰዎች ልጁን ሌላ ምድብ ውስጥ ያስገቡታል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብና ፓስፖርት አንድ ቀን ይናገሩ። ልዩነት ካለ ልጁ 13 ዓመቱ ሳለ አስተካክሉ፤ የጉዞ ጥሪ ሲመጣ ጊዜ አይኖርም።

ደላላን ማመን

«ውጭ ክለብ አለኝ፣ መጀመሪያ የማስኬጃ ክፈሉ» የሚል ሰው ሲመጣ ቤት ለመሸጥ ያሰቡ ወላጆች አሉ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር አይችልም። ከ18 በኋላም ዝውውሩ ከብሔራዊ ፌዴሬሽኑ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይፈልጋል። ወኪል ነኝ የሚል ሰው የፊባ ፈቃድ ይኖረዋል፤ ስሙን በፊባ ድረ ገጽ መፈለግ ይቻላል። ስኮላርሺፕ ከሆነ ደብዳቤው ከትምህርት ቤቱ ይፋዊ አድራሻ መምጣት አለበት፤ ወላጅ ራሱ ለትምህርት ቤቱ ጽፎ ያረጋግጥ። የልጁን ፓስፖርት ማንም «ለጊዜው ልያዘው» ቢል አትስጡት፤ ፎቶ ኮፒ ይበቃዋል።